ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ኤሲ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የመክፈቻው ጥያቄ

ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንኖርበት ታውንሃውስ ኤሲ በጁላይ 2025 አጋማሽ ላይ መንፋቱን ሳያቆም ማቀዝቀዙን ተወ። ቴርሞስታቱ 74 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ተደርጎ ሳለ የፎቁ ክፍል 84 ደረሰ። የመጣው ቴክኒሻን የግፊት መለኪያውን (ጌጁን) ከውጪው ሳጥን ጋር አገናኝቶ ለአምስት ደቂቃ ያህል ካየ በኋላ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ መጉደሉን፣ የሚያፈሰውም የውስጡ ኮይል (ጋዙ የሚዞርበት ጥምጥም ቱቦ) ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ኮይሉን ለመቀየር 1,900 ዶላር፣ መሣሪያውን ከነጭራሹ ለመቀየር ደግሞ 13,400 ዶላር ጠየቀ። የመከረኝ ሁለተኛውን ነው፤ አር 410 ኤ የሚባለው ጋዝ በሕግ ስለታገደ በአሮጌው ላይ የማወጣው ገንዘብ ሁሉ ኪሳራ እንደሆነ አስረዳኝ። በዚያው ዕለት ከፈረምኩ 800 ዶላር እንደሚቀንስልኝም ጨመረ። አልፈረምኩም። መሣሪያው በ2016 የተተከለ፣ መጠኑም ሁለት ተኩል ቶን (ቶን እዚህ የክብደት ሳይሆን የማቀዝቀዝ ኃይል መለኪያ ነው) መሆኑን ገልጬ፣ ቤት ያላቸው ወገኖች በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን እንደሚያደርጉ በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ጠየቅሁ።

ክሩ፣ ማለትም የጥያቄዬና የመልሶቹ ሰንሰለት፣ በ12 ቀን ውስጥ 18 መልሶች አገኘ። በሙቀት ተጨንቆ መልስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉንም ማንበብ አድካሚ ስለሚሆን፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ የተባለውን በራሴ አገላለጽ በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ። አንዳንዱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለፍኩት ሆን ብዬ ነው።

መልስ 1

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ በሒሳብ ሥራ ረጅም ዘመን ያገለገሉ አባት በትሕትና ሰላምታ ጀምረው ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን አንድ ስሌት አቀረቡ። የመሣሪያው ዕድሜ በጥገናው ዋጋ ይባዛል፤ ውጤቱ ከ5,000 ከበለጠ መቀየር፣ ካነሰ መጠገን ይሻላል ይባላል። የእኔ ዘጠኝ ዓመት በ1,900 ዶላር ሲባዛ 17,100 ይመጣል። በዚህ ሚዛን ነገሩ የሚያከራክር አይደለም፤ እሳቸውም ከልብ በመነጨ ርኅራኄ እንድቀይረው መከሩኝ።

መልስ 2

ዉድብሪጅ የምትኖር እህት ይህን ሙሉ በሙሉ ደግፋ የራሷን ታሪክ ነገረች። ቤቱን ስትገዛ አብሮ ያገኘችው ኤሲ በ2003 የተሠራ ነበር። ሦስት በጋ ተከታትለው ጋዝ አስሞላች፤ መጀመሪያ 400፣ ቀጥሎ 650፣ በመጨረሻው 900 ዶላር ከፈለች። በአራተኛው በጋ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ሞተር) ተቃጠለና አዲስ ለመግዛት ተገደደች። የወጣው 1,950 ዶላር ከጋዙ ጋር አብሮ እንደተነነ ጽፋ፣ አዲሱ ከተተከለ በኋላ ግን የኦገስት የመብራት ሒሳቧ በግልጽ መቀነሱን አከለች። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ የመጀመሪያውን ድርጅት ስልክ አውጥቼ ነበር።

መልስ 3

እጄን የያዘኝ በሰሜን ቨርጂኒያ ለ14 ዓመት በዚህ ሙያ የሠራ ወንድም ነው። በክሩ ውስጥ ረጅሙን መልስ የጻፈው እሱ ሲሆን፣ የጀመረውም በእርማት ነበር። ታግዷል የተባለው ነገር ሁለት የተለያዩ ጋዞችን ታሪክ የቀላቀለ ነው አለ። አር 22 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በአሜሪካ ማምረትም ሆነ ከውጭ ማስገባት ቆሟል፤ ዛሬ የሚገኘው ከመጋዘን የተረፈና ከአሮጌ መሣሪያዎች ተቀድቶ የተጣራ ብቻ በመሆኑ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። የዉድብሪጇ እህት መሣሪያ በዘመኑ ሲታይ የዚህ ትውልድ መሆኑ አይቀርም። የእኔ ጋዝ አር 410 ኤ ግን ኦዞንን አይጎዳም፤ ጥፋቱ ምድርን ማሞቁ ነው። የሙቀት አምቆ የመያዝ ኃይሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመዘን 2,088 እጥፍ ነው። በ2020 መጨረሻ የወጣውን ሕግ ተከትሎ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚመረቱ አዳዲስ መሣሪያዎች ይህ ቁጥር 700 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጋዝ እንዳይጠቀሙ ተወስኗል። ስለዚህ አምራቾች ቁጥሩ 466 ወደሆነው አር 454 ቢ ወይም 675 ወደሆነው አር 32 ተሻግረዋል። የታገደው እንግዲህ በአሮጌው ጋዝ የሚሠራ አዲስ መሣሪያ ማምረት ነው። ቤት ውስጥ ያለውን መጠገን፣ ጋዝ መሙላት፣ መለዋወጫ መግዛት አልተከለከለም። የጋዙ ምርት ደረጃ በደረጃ ስለሚቀነስ ዋጋው ወደፊት ሊወጣ እንደሚችል ግን አልሸሸገም።

ሁለተኛው ነጥቡ ይበልጥ ጠቅሞኛል። የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላ ሰው ለሚመጣው ዓመት ቀጠሮ እየያዘ ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልግ ቀይሩ የሚል ደግሞ ምን እንደተበላሸ ሳያውቅ ፍርድ እየሰጠ ነው። አራት ነገር እንዳመጣለት ጠየቀኝ፦ በውጪው ሳጥን ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ፎቶ፣ የሁለቱን ቱቦዎች ግፊት፣ የካፓሲተሩን (ሞተሮቹን ለማስነሳት ኃይል የሚያጠራቅመውን ትንሽ ዕቃ) ልኬት፣ ማፍሰሱም በምን እንደታወቀ። ደረሰኙን አውጥቼ አየሁት። የተጻፈበት ጋዝ ዝቅተኛ ነው የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ቁጥር የሚባል የለበትም።

መልስ 4

ከዚህ በኋላ የክሩ መንፈስ ተለወጠ። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ሰው ባለሙያ የሚባሉት በሙሉ ቱታ የለበሱ ሻጮች ናቸው ብሎ ተነሣ። ከሁለት ዓመት በፊት የውጪው ማራገቢያ ቆሞ እያጓራ ሳለ የመጣው ቴክኒሻን ኮምፕረሰሩ ሞቷል ብሎ 6,000 ዶላር ጠይቆት፣ ሌላ ሰው ግን 25 ዶላር የምትገዛ ካፓሲተር ቀይሮ በሃያ ደቂቃ እንዳስነሳለት ተረከ። ታሪኩ ጠቃሚ ነበር፤ መዝጊያው ላይ የጨመረው ስድብ ግን በአስተባባሪው ተሰርዟል።

መልስ 5

የቨርጂኒያው ባለሙያ ዝም አላለም። የዕቃውን የመደብር ዋጋ ጠቅሶ የሥራውን ዋጋ መተቸት፣ የእንጀራን ዋጋ በጤፉ ዋጋ ብቻ እንደመተመን ነው አለ። በጁላይ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት በላይ በሚደርስ አቲክ (ከጣሪያ ሥር ያለ ጠባብ ቦታ) ውስጥ በሆድ መሳብን፣ የመኪናውን፣ የኢንሹራንሱንና የፈቃዱን ወጪ ዘረዘረ። ወዲያው ግን ያመነውም ነገር ነበር። በየቤቱ ከሚላኩት መካከል ደመወዛቸው ከሽያጩ በመቶኛ የሚታሰብላቸው እንዳሉ ያውቃል፤ ስለዚህ የሚመጣውን ሰው ገና በር ላይ፣ የሚከፈልህ በሰዓት ነው ወይስ በሽያጭ ብሎ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ጻፈ። በእኛ ባህል እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፊት ለፊት ማንሣት ይከብዳል፤ እኔም ብሆን ውኃ አቅርቤለት ነበር እንጂ አልጠየቅሁትም።

መልስ 6 እና 7

አንዲት እናት የካፓሲተሩን ነገር ተከትላ፣ ባለቤቷ ቪዲዮ አይቶ ራሱ እንደቀየረ ጽፋ ሌሎችም እንዲሞክሩ አበረታታች። በ7ኛው መልስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው ይህን በቁጣ ተቃወመ። ካፓሲተር መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ፣ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ሳያጠፉና የቀረውን ኃይል በትክክል ሳያስወጡ መንካት ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል አስጠነቀቀ። ትክክል ነበር፤ አነጋገሩ ግን ልጅ እንደሚቆጡት ዓይነት ስለነበር እናቲቱ ቅር ተሰኝታ ከክሩ ወጣች። የኤሲውን ፊልተር መቀየርና በውጪው ሳጥን ዙሪያ የበቀለውን ቁጥቋጦ መመንጠር ግን የማንም እጅ የሚችለው ሥራ ነው፤ ይህን የተናገረ ሰው አለመኖሩ ገርሞኛል።

መልስ 8 እና 9

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ወንድም፣ እዚያ መቀየር የሚባል ሐሳብ ለማንም ቀድሞ አይመጣም ነበር ብሎ ጀመረ። በአባቱ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረችው አንዲት ኤሲ መብራቱ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚያስቸግራት በስታቢላይዘር ትሠራ ነበር፤ የማራገቢያዋ ሞተር ሲቃጠል ሞተር ጠምጣሚ ዘንድ ተወስዶ ተጠምጥሞ ይመለሳል። ከዚያ የሰጠው ማብራሪያ በክሩ ውስጥ ብዙ ካሰብኩባቸው አንዱ ነው። እዚያ ዕቃው ውድ፣ የሰው ጉልበት ርካሽ ነው፤ እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ሁሉን የመጠገን ልማድ እዚህ ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ሁሉን መጣልም እንደ ሥልጣኔ መታየት የለበትም። በየወገኑ ያለውን ዋጋ አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

9ኛው መልስ ይህን ተንተርሶ ከርዕሱ ወጣ። ጸሐፊዋ የድሬዳዋውን የከዚራ ሰፈር የባቡር ሠራተኞች ቤቶች ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያና የዛፎቹን ጥላ እያነሣች፣ ከሰዓት በኋላ ድሬ ሱቋን ዘግታ የምታርፍበትን ሰዓት ናፈቀች። ሐረር ጥቂት ዳገት ወጥቶ ብርድ ልብስ እንደሚያስፈልግም ለማያውቁ አስታወሰች። ለጥያቄዬ መልስ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን በፎቁ ክፍል ውስጥ የሚያላብ ልጅ በካርቶን እያራገብኩ ስለነበር ደስ ብሎኝ አነበብኩት።

መልስ 10

ከዱባይ የጻፈች እህት ከኤሲው ሥር ውኃ እየተንጠባጠበ መሆኑን ጠቅሳ የእሷም መቀየር ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀች። ባለሙያው በአጭሩ የውኃ መውረጃ ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን እንደሚችልና መጀመሪያ እሱን ማስጠረግ እንደሚገባት መለሰላት። አስተባባሪውም ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ አሳሰበ።

መልስ 11

ወደ ጉዳዩ የመለሰን አትላንታ የሚኖር መሐንዲስ ነው። የመጀመሪያውን መልስ ስሌት ወስዶ ገለበጠው። 5,000 ለዘጠኝ ሲካፈል 555 ዶላር ይመጣል፤ ስለዚህ በዚያ ሕግ መሠረት ዘጠኝ ዓመት በሞላው መሣሪያ ላይ ከ555 ዶላር በላይ የሚያስወጣ ማንኛውም ጥገና መቀየርን ያስገድዳል ማለት ነው። አዲሱ 5,000 ዶላር ቢሆን ያስኬድ ይሆናል፤ 13,400 ሲሆን ግን ሚዛኑ ይሰበራል፤ ምክንያቱም ስሌቱ ውስጥ የአዲሱ መሣሪያ ዋጋ የሚባል ነገር የለም።

ቀጥሎም የመብራት ቁጠባውን አሰላ። ሲር የሚባለው የቅልጥፍና ቁጥር፣ መሣሪያው ለሚበላው ለአንድ ዋት ሰዓት ስንት ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ሙቀት ከቤቱ እንደሚያወጣ ይናገራል። አንድ ቶን 12,000 ቢቲዩ በሰዓት ስለሆነ የእኔ ሁለት ተኩል ቶን 30,000 ነው። በ2016 በእኛ አካባቢ የሚተከል ኤሲ ከ14 ሲር ሊያንስ አይችልም ነበር፤ ከ2023 ወዲህ የተፈቀደው ዝቅተኛው በአዲሱ አለካክ 14.3 ሲሆን፣ በድሮው 15 ያህል ነው። 30,000 ለ14 ሲካፈል 2,143 ዋት፣ ለ15 ሲካፈል 2,000 ዋት ይሆናል። በበጋው 1,000 ሰዓት ቢሠራ ልዩነቱ 143 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ20 ሳንቲም ሲባዛ 29 ዶላር አይሞላም። በጥገናውና በአዲሱ መካከል ያለውን የ11,500 ዶላር ልዩነት በመብራት ቁጠባ ብቻ ለመመለስ ወደ 400 ዓመት ይፈጃል። የዉድብሪጇ እህት ግን አልተሳሳተችም፤ በ2003 ዝቅተኛው መለኪያ 10 ሲር ስለነበር፣ ያው መጠን ያለው መሣሪያ 3,000 ዋት ይበላል፤ ወደ 15 ሲሸጋገር በዓመት 200 ዶላር ገደማ ይተርፋል።

እዚህ ላይ ነው ክሩ የገባኝ። ሁሉም ሰው ስለራሱ ማሽን እየመለሰልኝ ነበር። በ2003 እና በ2016 በተሠሩ ሁለት ሳጥኖች መካከል ጋዙም፣ ቅልጥፍናውም፣ ሕጉም የተለያየ ነው፤ ከውጭ ሲታዩ ግን አንድ ዓይነት ናቸው።

መልስ 12

ዉድብሪጅ ያለችው እህት ተመልሳ መጣች፤ ስሌቱን ተቀበለች፤ ቃናዋ ግን እንደ መጀመሪያው ለስላሳ አልነበረም። የ400 ዓመቱ ቀልድ በሙቀት የሚያለቅስ ሕፃን ያቀፈን ሰው እንደማያሳርፍ፣ ነገ ይሰበር ይሆን እያሉ የሚያሳልፉት በጋ በዋት የማይለካ ዋጋ እንዳለው ጻፈች። መሐንዲሱ መልስ አልሰጠም። እኔ ግን ይህን ንግግር ቀላል ነው ብዬ አላለፍኩትም፤ አማቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በበጋ መጥተው ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ።

መልስ 13 እና 14

አንድ ሰው ለሚቀይር ሁሉ መንግሥት 2,000 ዶላር ይሰጣል ብሎ ጻፈ። የግብር ሥራ የምትሠራ እህት ወዲያው አረመችው። 2,000ው ለሂት ፓምፕ (ለሚያቀዘቅዝም ለሚያሞቅም መሣሪያ) ነበር፤ ለተራው ማዕከላዊ ኤሲ ከወጪው 30 በመቶ ሆኖ ከ600 ዶላር አይበልጥም ነበር፤ ያውም የቅልጥፍና መስፈርቱን ለሚያሟላ ብቻ። በእጅ የሚሰጥ ገንዘብም አልነበረም፤ ከሚከፈለው የፌዴራል ግብር ላይ ይቀነስ ነበር እንጂ ግብር የሌለበት ሰው አያገኘውም ነበር። በተጨማሪም ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ ይህ ቅናሽ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚተከሉት ቀርቷል። ሻጮች ይህን ቀን ለማጣደፊያ እንደሚጠቀሙበትም አልዘነጋችም።

መልስ 15

ባለሙያው የውጪውን ሳጥን ብቻ በአዲስ መቀየር አይቻልም ወይ ለሚለው ጥያቄዬ መልስ ሰጠ። አዲሶቹ ጋዞች በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአር 410 ኤ መሣሪያ ውስጥ መጨመር አይፈቀድም፤ አዲሱ የውጪ ሳጥን ከአዲስ የውስጥ ኮይል ጋር፣ ጋዝ ማፍሰሱን ከሚለይ መሣሪያ ጋር ተጣምሮ ይመጣል። በዚያ በጋም የአር 454 ቢ ጠርሙስ እጥረት ስለነበር ዋጋው ተሰቅሎ እንደነበር ገለጸ።

መልስ 16

ከኮለምቢያ፣ ሜሪላንድ የጻፈ ሰው ዋጋ ከሰጡኝ ድርጅቶች መካከል መስኮቶቼን የቆጠረ፣ የጣሪያውን የሙቀት መከላከያ ሽፋን ያየ እንዳለ ጠየቀ። የኤሲው መጠን የሚወሰነው ይህን ቆጥሮ በሚሠራ ስሌት እንጂ አሮጌውን ሰሌዳ በማየት አይደለም። ከልክ በላይ ትልቅ የሆነ ኤሲ ቤቱን ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ስለሚጠፋ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም፤ እንደ ዋሽንግተን አካባቢ ባለ እርጥብ አየር ደግሞ ቤቱ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚያጣብቅ ይሆናል። የ13,400 ዶላሩን ወረቀት ደግሜ አነበብኩት። የተጻፈው ሦስት ቶን ነበር። ለምን ከፍ እንዳለ ማንም አልነገረኝም።

መልስ 17

የአራተኛው መልስ ባለቤት ይህን ሲያይ አላልኩም ወይ ብሎ ተመለሰ፤ ከባለሙያው ጋርም ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ንግግራቸው ከኤሲ አልፎ ማን ቀድሞ አሜሪካ እንደገባ ወደሚለው ሲደርስ አስተባባሪው ሁለቱንም አስቆማቸው።

መልስ 18

የመጨረሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያ አንድ ወዳጄ በስልክ እንደመከረኝ የመለያ ቁጥሩን ይዤ አምራቹን ጠየቅሁ፤ ለአሥር ዓመት የሚቆይ የመለዋወጫ ዋስትና ነበረው፤ የተመዘገበው ግን በቀድሞው የቤቱ ባለቤት ስም ሲሆን፣ ቤቱ ሲሸጥ በጊዜው ወደ እኔ ስላልተዛወረ ወድቋል። ቤት የሚገዛ ሰው ከቁልፉ ጋር ይህንንም ይጠይቅ።

ከዚያ የሙከራ ዋጋውን ብቻ አስቀድሞ የሚያስከፍል ሌላ ባለሙያ ጠራሁ። ሁለት ሰዓት ቆየ። በኤሌክትሮኒክ መፈለጊያ አስሶ፣ በሳሙና አረፋ አረጋግጦ ቀዳዳውን የውስጡ ኮይል መታጠፊያ ላይ አሳየኝ፤ የመጀመሪያው ሰው ግምት ልክ ነበር። ድምዳሜው ነው ያላስኬደኝ። ካፓሲተሩ ደህና ነው፤ ኮምፕረሰሩ የሚስበው አምፒር በሰሌዳው ላይ ካለው በታች ነው። የጠየቀው ከመጀመሪያው የበለጠ፣ 2,250 ዶላር ነው። የመጀመሪያው 1,900 ጋዙን እንደማይጨምር ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ይኸኛው ኮይሉን፣ የማድረቂያ ፊልተሩን፣ በናይትሮጅን መፈተሹን፣ ቱቦውን ከ500 ማይክሮን (በቱቦው የቀረው አየር የሚለካበት) በታች ባዶ ማድረጉንና ጋዙን በሚዛን መሙላቱን አጠቃሎ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ከፈልን። ኮምፕረሰሩ ቢሆን ኖሮ የተበላሸው እቀይረው ነበር፤ ይህንንም ጽፌያለሁ።

የአሌክሳንድሪያው አባት መልካም እንዲሆንልን ተመኙ። የዉድብሪጇ እህት በሚቀጥለው ጁላይ እንገናኝ ብላለች፤ ልክ ልትሆን ትችላለች። ባለሙያው ከሄደ በኋላ ከማሞቂያው (ፈርነሱ) መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል፦ ቀኑ፣ የውጪው ሙቀት 88፣ ዝቅተኛው ግፊት 124፣ ከፍተኛው 340፣ የሚገባው አየር 76፣ የሚወጣው 57። ከሥሩ ለሚቀጥለው ዓመት ቁጥር ባዶ መስመር ትቷል።